የስድስት ቀን ወንበር

አናጢው ከጣሪያ ላይ የወደቀው ሥራውን ጨርሶ፣ መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሻጥ አድርጎ ሊወርድ ሲል ነው። ይህንን ሳይጠየቅም ይናገራል፤ ሰው "ሥራ እያበላሸ ወደቀ" እንዳይለው። ሐኪሞች ወገቡን በስድስት ብሎን ጠገኑት። ይህንንም አይወደውም። "በብሎን የተያዘ ነገር ውሎ አድሮ መነቃነቁ አይቀርም" ይላል፤ አጥንት ለሱ ከእንጨት ብዙም አይለይም።

ከዚያ ወዲህ ከሃያ ደቂቃ በላይ መቆም አይችልም። ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥም አይችልም። የሚችለው መተኛት ነው፤ አራት ዓመት ተኛ። የድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ለአካል ጉዳቱ በሚከፍለው ገንዘብ በየወሩ አንድ መርፌ ይወጋል። መርፌው ተአምር አይሠራም፤ ግን አልጋው ላይ ራሱን ችሎ ይገላበጣል፣ የጫማውን ክር ያስራል። መርፌው የቀረ ወር እንደ ጣውላ የምታገላብጠው ሚስቱ ናት። በዚያ ቤት እንግዲህ ድጋፍ ማለት መርፌ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ተኝቶ የሚውል ሰው የሚያየው ጣሪያ ነው። አናጢ ሆኖ ጣሪያ ሲያይ የሚውል ደግሞ ስሕተት ሲለቅም ይውላል። በአራት ዓመት ውስጥ የኮርኒሱን ጠማማ ሚስማር አንድ በአንድ ቆጥሮ ጨረሰና የሠራውን ሰው ይረግም ጀመር።

"ይኼ እጁ ይቆረጥና! ይኼ ደግሞ አናጢ ተብሎ!"

"የሠራኸው እኮ አንተ ነህ" አለችው ሚስቱ።

የዚያን ቀን ነው ቤት መዋል እንደሚገድለው የገባው።

በማግስቱ ድሮ አናጢው ራሱ ያሠለጠነው፣ አሁን የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት የከፈተ ሰው ሊጠይቀው መጣ። ባለ ሥራ ቤቱ የጎለመሰ፣ ሆዱም ቀደም ቀደም ያለ ሰው ነው፤ አናጢው ፊት ሲቆም ግን አሁንም እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል።

"ጋሼ፣ ለምን መጥተው ወንበር አይሠሩልኝም? በወንበር እከፍልዎታለሁ፤ በቀን አይደለም። ሲደክምዎት ጋደም ይላሉ።"

"አንዱ ወንበር ሳምንት ቢፈጅብኝስ?"

"ወንበሩን ማን አሯሯጠው?"

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። "ድጋፉስ? ዝም ብለህ ትንሽ ብትሞክረውስ፣ ሳትነግራቸው?"

"ተደብቆ የተሠራ ወንበር ደግሞ ምን ዓይነት ወንበር ነው?" አለና ሚስቱን አስከትሎ ሊያስመዘግብ ሄደ። ያገራችን ሰው "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ይላል፤ አናጢው ግን ከአነጋገር ይልቅ እውነት ያዋጣል ብሎ የሚያምን፣ በዕድሜው ያልተማረ ሰው ነው።

በድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። ክራንቹን ወዲያ ወርውሮ ወደ ላይ የሚዘል ሰው ነው፤ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ከሥሩ "ይሞክሩ! እኛ ከጎንዎ ነን!" ይላል። ከሥዕሉ ሥር የተደረደሩት ወንበሮች ግን እግራቸው የላላ፣ መደገፊያቸው የተነቀለ ነው፤ ባለጉዳዩ አንዳንዱ ቆሞ፣ አንዳንዱ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። አናጢው ሥዕሉን አላየም፤ የወንበሮቹን እግር አይቶ ምላሱን መጠጠ።

ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ፊቷ ሰው ለመርዳት የተፈጠረ፣ አፏ ግን መመሪያ ለማንበብ የተቀጠረ። "እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! ሦስት ወር መሞከር ይችላሉ። በሳምንት እስከ ሃያ ሰዓት ከሠሩ ድጋፉ አይነካም። ከሃያ ካለፈ ግን አገግመዋል ማለት ነው።"

"ማን አዳነኝ?"

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየችው። "ሰዓቱ" አለች።

ሲወጡ ሚስቱ ሥዕሉን ቀና ብላ አይታ፣ "እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው" አለች። የአናጢው ልብ ግን ሥራ ቤት ደርሷል።

ሥራ ቤቱ በር ላይ ጣት የሚያነብ ማሽን አለ። ሲገቡ ጣት፣ ሲወጡ ጣት። ማሽኑ ሌላ ሥራ የለውም፤ ወር ሲሞላ ማን ስንት ሰዓት እንደቆየ ያትማል። የአናጢው ወረቀት ሙከራው ሲያልቅ ለድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ይላካል። ባለ ሥራ ቤቱ ለአናጢው ጥግ ላይ ዝቅ ያለ የሥራ ጠረጴዛ ሰጠው፤ ከጠረጴዛው ጎን ደግሞ ሰፊ ጣውላ አንጥፎ፣ በላዩ በሰጋቱራ የተሞላ ጆንያ አኖረለት። የመጀመሪያው ትእዛዝም አሥራ ሁለት ወንበር ሆነ፤ ያዘዘው ያው የድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ነው። "እነሱ ቸኩለው አያውቁም፤ ለርስዎ ይሆናል" አለው።

ጤነኛ አናጢ ያንን ወንበር በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። እሱ ስድስት ቀን ፈጀበት። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ የሚበዛው መኝታው ነው። አንድ እግር ይልግና ይተኛል። አንድ ቀዳዳ ይበሳና ይተኛል። ወገቡ ሲለቀው ይነሣል። ቤቱ ርቆ፣ መመላለሱም ራሱ ሌላ ሥራ ስለሆነ ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል። እጁ ግን አልረሳም። የመጀመሪያውን ወንበር አራት እግር ሲያቆም፣ ወንበሩ ወለሉ ላይ ንቅንቅ ሳይል ጸጥ ሲል፣ አናጢው ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ከአራት ዓመት በኋላ።

እዚህ ላይ አንድ ልማዱን መናገር ያስፈልጋል። ሥራ ያስተማሩት ጌታው ከወንበር መቀመጫ ሥር በእርሳስ ሰዓት መጻፍ አስተምረውታል፤ መቼ ተጀመረ፣ መቼ ኮላ ተቀባ፣ መቼ እጅ ተነሣ፣ መቼ አለቀ። የሚቀመጥበት ሰው አያየውም። ከዓመታት በኋላ ሊጠግን የሚገለብጠው አናጢ ግን ያነበዋል፤ እንጨቱ ሳይጣበቅ ኮላው የደረቀበትን ቦታ ያውቅና ከዚያ ይጀምራል። "ለሚቀመጥበት መዋሸት ትችላለህ፤ ለሚጠግነው ግን አትዋሽ" ይሉት ነበር። ስለዚህ አናጢው እጁ ከእንጨቱ በተነሣ ቁጥር ይጽፋል። ድሮ "ምሳ" ይጽፍ ነበር። አሁን "ተኛሁ"፣ "ተነሣሁ" ይጽፋል።

አንድ ወንበር አንድ ሳምንት። አሥራ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ወር። ማታ ማታ ሚስቱ "እንዴት ዋልክ?" ትለዋለች። "ደህና" ይላታል። አንድ ቀን ዓይኑ ደም መስሎ ገባና "ምነው?" አለችው። "ሰጋቱራ ገብቶብኝ ነው" አላት። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተኛ።

ወንበሮቹ በተወሰዱ በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ።

"እንኳን ደስ አለዎት! በሳምንት አርባ አራት ሰዓት ሥራ ላይ መቆየትዎ በማሽን ስለተረጋገጠ፣ ሙሉ በሙሉ ማገገምዎን በደስታ እንገልጻለን። ድጋፉ ከዚህ ወር ጀምሮ ተቋርጧል። መልካም ጤንነት።"

ደብዳቤውን ያነበበው ተኝቶ ነው። ሁለተኛ ጊዜም ቀስ ብሎ አነበበው፤ ድንገት ሳያውቀው አገግሞ ከሆነ ብሎ። የወሩ መርፌ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱ በአንድ እጇ ትከሻውን፣ በአንድ እጇ ዳሌውን ይዛ ታገላብጠው ጀመር። ባለ ሥራ ቤቱ ስልክ ደወለ።

"ጋሼ፣ ምነው ቀሩ?"

"ድኜ ነው" አለው።

አናጢው ይግባኝ አለ፤ ይግባኙን የሚሰማው ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው የራሱ ስም አለው፤ ባለጉዳዩ የሚያውቀው ግን "አባሪ የታል" በሚል ስሙ ነው። ሰው እግሩን አጥቶ ቢመጣ፣ እግሩ ሳይሆን አባሪው የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ነው። በቀኙ የምትቀመጠዋ ሴት ሁልጊዜ ሰዓቷን ታያለች። በግራው ያሉት አዛውንት ደግሞ ሁልጊዜ ያንቀላፋሉ፤ ጡረታቸው ሁለት ወር ቀርቶታል።

አናጢውን ባለ ሥራ ቤቱ ጣውላ በሚጭንበት መኪና አስተኝቶ አመጣው። ሚስቱ ትራስ ታቅፋ ከኋላ ተከተለች። ስብሰባ ክፍሉ ሲገባ አናጢው ቆም አለ። አሥራ ሁለቱም ወንበሮች እዚያ አሉ! ለተራ ጠባቂው የታዘዙት ወንበሮች በጣም ስላማሩ ኮሚቴው ለራሱ አስቀርቷቸዋል፤ ባለጉዳዩ ውጭ አሁንም ግድግዳ ተደግፎ ነው። እያንዳንዳቸው ጎን ላይ የንብረት ቁጥር ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ ተመትታለች። በሚስማር! አናጢው ወገቡን ረስቶ በዚያች ሚስማር ተናደደ።

"አርባ አራት ሰዓት" አለ አባሪ የታል። "ማሽን አይዋሽም።"

"ማሽኑ በሩ ላይ ነው ያለው ጌታዬ። መግባቴንና መውጣቴን ያውቃል። ውስጥ ምን ስሆን እንደዋልኩ አያውቅም።"

"ውስጥ ምን ሲሆኑ ዋሉ?"

"ስተኛ።"

"ማስረጃ አለዎት?"

"አለኝ።"

"አባሪው የታል?"

"ተቀምጠውበታል" አለ አናጢው።

አዛውንቱ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። አባሪ የታል በግማሽ ልብ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ያችው ወጣት ጸሐፊ መጣችና ወንበሩን ገለበጠችው። ከሥሩ ጥርት ባለ የእርሳስ ጽሑፍ መሥመር በመሥመር ተሞልቷል። ሰዓቷን የምታየዋ ሴት ጎንበስ ብላ እያነበበች ደመረችና "በዚህ ሳምንትስ አሥራ አራት ሰዓት ነው የሠራው" አለች፤ ድምጿ ላይ መገረም ነበር።

አባሪ የታል ግን በዚህ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። "ይህ ወንበር ነው" አለ። "ወንበር ሰነድ አይደለም። ማኅተም የለውም። ፊርማ የለውም። ፋይል ውስጥ አይገባም። ቁጥር እንኳ የለውም!"

"ቁጥር አለው" አለች ጸሐፊዋ ቀስ ብላ፣ ቆርቆሮዋን እያሳየች።

"እሱ የንብረት ቁጥር..." አለና አባሪ የታል ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮዋን አየ። ከዚያ ፊቱ ቀላ። "ንብረት! የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ላይ ነው የጻፉት! ይህ ጥፋት ነው። ጸሐፊ፣ አሁኑኑ የጥፋት መዝገብ ይዘጋጅ!"

"እሺ። በአንዱ ላይ ያለውን ነው ወይስ በአሥራ ሁለቱም?"

"በአሥራ ሁለቱም!"

"በአጭሩ ልጻፈው ወይስ ቃል በቃል?"

"ቃል በቃል! ጥፋት ይሸራረፋል እንዴ?"

"ሦስታችሁም ትፈርሙበታላችሁ? ማኅተምም..."

"ይመታበታል!"

ጸሐፊዋ "እሺ ጌታዬ" አለች። አናጢው ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ብቻ ወፈር ያለ የወረቀት ጥቅል ጎትታ አወጣች።

ኮሚቴው ወንበሩን ሁሉ አስረክቦ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ እየገለበጠች፣ ጮክ ብላ እያነበበች መጻፍ ያዘች። አናጢው ሚስቱ ወለሉ ላይ ባኖረችለት ትራስ ላይ ተጋደመ።

"ወንበር አንድ። ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ጀመርኩ። ሁለት ተኩል ተኛሁ። ሦስት ሰዓት ተነሣሁ። ሦስት ከሩብ ተኛሁ..."

መጀመሪያ ላይ ሰዓቷን የምታየዋ ሴት ፈገግ ብላ ነበር። በሦስተኛው ወንበር ፈገግታው ጠፋ። በአምስተኛው ሰዓቷን ማየት ተወች። የ"ተኛሁ" ብዛት ጆሮ ያደክማል፤ ሰው እንዲህ ተኝቶ፣ እንዲህ ተነሥቶ፣ እንደገና መዶሻ ያነሣል ብሎ ማን ያስባል?

"ወንበር ሰባት። ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ ኮላ ቀባሁ። ስምንት ተኩል ላይ ወደቅሁ። ከወለሉ መነሣት አቃተኝ። ሰው አልጠራሁም፤ ያያሉ ብዬ አፈርኩ። አለቀስኩ። ዘጠኝ ከሩብ ተነሣሁ። ኮላው ደርቋል። የኋላ ግራ እግር፣ ከዚህ ይጀመር።"

ጸሐፊዋ የመጨረሻውን ቃል ጻፈችና ቀና አላለችም። የአናጢው ሚስት ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች። "ሰጋቱራ ያልከኝ ቀን ነው" አለች፤ አልጠየቀችም። አናጢው ፊቱን ወደ ወንበሮቹ እግር አዞረ። ኮሚቴ ፊት ተገልብጦ መነበቡ ብዙም አላሳፈረውም ነበር። እሷ መስማቷ ግን ውስጡን አቃጠለው፤ እንባውንም መመለስ አቃተው።

መዝገቡ አሥራ አራት ገጽ ሆነ፤ ጸሐፊዋም የመዝገብ ቁጥር ሰጠችው። ሦስቱም ፈረሙ። አባሪ የታል በየገጹ ማኅተሙን በራሱ እጅ መታ፤ በኃይል ነው የመታው። "ቅጂው ለጥፋተኛው ይሰጥ" አለ።

ጸሐፊዋ ቅጂውን ለአናጢው ሰጠችው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ መመሪያ በምታነብበት ድምፅ፣ "ጋሼ፣ የይግባኝ ማመልከቻዎ አባሪ ይጎድለዋል ተብሏል። ማኅተም፣ ፊርማና ቁጥር ያለው ሰነድ ካለዎት አሁን ማያያዝ ይችላሉ" አለችው።

አናጢው አልገባውም። ሚስቱ ግን ገባት። ወረቀቱን ከእጁ ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ፣ አባሪ የታል አፍንጫ ሥር አኖረችው።

"ይኸው" አለች። "አባሪ።"

"ይህማ የጥፋት መዝገብ ነው!"

"ጥፋቱ በሳምንት አሥራ አራት ሰዓት መሥራቱ ነው። እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት።"

አባሪ የታል ወረቀቱን አገላበጠ። በየገጹ የራሱን ማኅተም አገኘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ወረቀቱን ነበር የተማመነው፣ አሁን ወረቀቱ ሞኙን ይዞት ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ያሉት አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ፈርመንበታል እኮ" አሉ። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ስድስት ዓመት ሲቀመጡ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል እንደሆነ ጸሐፊዋ በኋላ ተናግራለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ፖስታ መጣ። የመጀመሪያው፣ በተያያዘው ሕጋዊ ሰነድ መሠረት አመልካቹ ከሃያ ሰዓት በታች እንደሠሩ ስለተረጋገጠ ማገገማቸው የተሰረዘ መሆኑንና ድጋፉ መቀጠሉን ይገልጻል። ሁለተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ፣ እውነትም ቢሆን፣ ዳግመኛ መጻፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው። የወንበሮቹ ሥር ቡናማ ቀለም እንዲቀባ ታዟል። "ለሚጠግነው ሰው አዘንኩለት" አለ አናጢው።

መርፌው ተወጋ፤ ጫማውን ራሱ አሰረ፤ ሥራ ቤት ተመለሰ። አሁን ባለ ሥራ ቤቱ ከጣት ማሽኑ ጎን ለሱ ብቻ፣ የተኛበትንና የተነሣበትን ሰዓት የሚጽፍበት ደብተር አስሮለታል፤ ማኅተምም አስቀርጿል፤ ምን ይታወቃል ብሎ! ትእዛዙ ደግሞ ያው ነው። ኮሚቴው የተራ ጠባቂውን ወንበር ስለቀማ፣ ለተራ ጠባቂው ሌላ አሥራ ሁለት።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ትራሱን አስተካከለችለት።

"እንዴት ዋልክ?"

"ደ..." አለና አቆመ። ጣሪያውን አየ፤ ጠማማው ሚስማር እዚያው አለ። "ሁለት ሰዓት ከሩብ ጀመርኩ" አላት። "ሁለት ተኩል ተኛሁ። ሦስት ሰዓት ስነሣ አመመኝ፤ በጣም አመመኝ። አምስት ሰዓት ላይ እንደገና ወደቅሁ። ሰው ጠርቼ አነሡኝ።"

እሷ እጁን ይዛ እስኪጨርስ ሰማችው።

"ኮላውስ?" አለችው።

"አልደረቀም" አለ። "ደርሼበታለሁ።"